አርባ ሦስት ገቡ፤ ስንት ወጡ?

ችኩሌ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ከእናትና ከአባቷ ጋር የምትኖረው ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው። ነገር ግን ጠዋት ማታ ስለምትቸኩል ሰፈሩ ሁሉ ችኩሌ ይላታል። ደረጃ ስትወርድ ሁለት ሁለቱን ትዘላለች። የጫማዋን ክር ሳታስር ትሮጣለች። እናቷ ከመስኮት ብቅ ብላ "ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ!" ብላ ትጮኽባታለች። "እሺ እማዬ!" የሚለው መልስ የሚሰማው ከመንገዱ ማዶ ነው።

ክፉ ልጅ ናት እንዳትሉ፣ ልጆች። ደግ ናት። ያላትን ታካፍላለች። ትዕግሥት ግን አልፈጠረባትም።

አንድ ዓርብ የሒሳብ መምህሯ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ቤቶች ሣሉ። በስተቀኝ ያለው የአንድ ቤት ነው። በስተግራ ያለው የአሥር ቤት ነው። አሥር ቤት ውስጥ 4፣ አንድ ቤት ውስጥ 3 ጻፉ።

"አርባ ሦስት" አሉ መምህሯ። "አርባ ሦስት በአርባና በሃምሳ መካከል ቆሟል። የሚቀርበው ለማን ነው?"

"ለአርባ!" አለች ችኩሌ፣ እጇን ሳታወጣ።

"በምን አወቅሽ?"

"ከአርባ የሚርቀው በሦስት ነው። ሃምሳ ለመድረስ ግን ገና ሰባት ይቀረዋል!"

"ጎበዝ! ስለዚህ አርባ ሦስት ወደ አሥር ሲጠጋጋ አርባ ይሆናል። ሁልጊዜ ርቀት መቁጠር ግን አያስፈልግም። የአንድ ቤትን በር አንኳኩና ማን እንዳለ እዩ። ከአምስት በታች ከሆነ አሥር ቤት ያለው ባለበት ይቀመጣል። አምስት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አሥር ቤት ያለው በአንድ ይጨምራል። በአንድ ቤት ዜሮ ይገባል። በሉ፣ ስልሳ ስምንት?"

"ሰባ!" አለ ክፍሉ በሙሉ።

"አርባ አምስትስ?"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አምስት እኮ መሃል ላይ ነው! ለሁለቱም እኩል ይርቃል። መምህሯ ሳቁ። "እንዲህ መሃል ላይ ሲገኝ ወደ ላይ ይውጣ ብለን ተስማምተናል። ሃምሳ ይሆናል።"

ቀጥለው በስተግራ ሦስተኛ ቤት ጨመሩ፤ የመቶ ቤት። 349 ጻፉ። "ይህን ወደ መቶ አጠጋጉ" አሉ።

"አራት መቶ! ዘጠኝ ትልቅ ነው!" አለ አንድ ልጅ።

"ዘጠኙን ተወው። ወደ መቶ ስናጠጋጋ የምናየው የመቶ ቤትን የቅርብ ጎረቤት ብቻ ነው። እሱም የአሥር ቤት ነው። እዚያ ማን አለ?"

"አራት።"

"ከአምስት በታች ነው። ስለዚህ ሦስት መቶ።"

ችኩሌ ማጠጋጋት ለእሷ ተብሎ የተሠራ መሰላት። ፈጣን ነዋ! ሁለት ቁጥር ማየት፣ አንዱን መጣል፣ አለቀ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ችኩሌና የሰንበት ትምህርት ቤቷ ልጆች የፍራፍሬ መጋዘን ሊጎበኙ ተነሡ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ጉንጩ ቂብ ያለ፣ እግሩ ድብልብል ያለ ልጅ ስለሆነ ድንቡሼ ይሉታል። ልብስ ሰፊዋ የልጁን እጅ በችኩሌ እጅ ላይ አኖሩ።

"አደራ፣ ልጄ። ከዓይንሽ እንዳይጠፋ።"

"ምንም አይሆንም፣ እትዬ!"

አውቶቡሱ ውስጥ ችኩሌ ያየችውን ቁጥር ሁሉ ታጠጋጋ ጀመር። የቤት ቁጥር 72 ሰባ ሆነ። 187 ሁለት መቶ ሆነ። ድንቡሼ አፉን ከፍቶ ያያታል።

"እኔንስ?" አላት።

"አንተ አምስት ነህ። አምስት ወደ ላይ ነው የሚወጣው። አሥር ሆንክ ማለት ነው! እኩያዬ ነህ!"

ድንቡሼ በኩራት ደረቱን ነፋ።

መጋዘኑ ሰፊ ነበር። የፍራፍሬ ሣጥኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ከዳር የማቀዝቀዣው ሞተር ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። የመጋዘኑ ኃላፊ ቀይ ሽርጥ ያሸረጡ ሴት ናቸው። ልጆቹን ወፍራም የብረት በር ፊት አቆሟቸው።

"ይህ ቀዝቃዛ ክፍል ነው" አሉ። "ፖም ወራት ሙሉ ሳይበላሽ የሚቆየው እዚህ ነው። ገብታችሁ ታያላችሁ፤ ቶሎም ትወጣላችሁ። በሩ ሲዘጋ መብራቱ ይጠፋል። ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ያለው ደግሞ ላይ ነው፤ እናንተ አትደርሱበትም። ውስጥ የቀረ ሰው ቢጮህ ውጭ አይሰማም።"

ልጆቹ ከበሩ አንድ እርምጃ ራቅ አሉ።

የሰንበት ትምህርት ቤቱን መምህር ልጆቹ ጋሼ ይሏቸዋል። እሳቸው ዞር ብለው ችኩሌን አዩ። "አንቺ በቁጥር ጎበዝ ነሽ። በሩ ላይ ቁሚ። ስንገባ አንድ በአንድ ራስ እየነካሽ ቁጠሪ። ስንወጣም እንደዚያው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ በሩ አይዘጋም።"

ችኩሌ ደስ አላት። የድንቡሼን እጅ ለቀቀች። "ሂድ፣ ከልጆቹ ጋር ተሰለፍ" አለችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እያለች ራስ ነካች። ራሷን ጨምራ አርባ ሦስት ልጆች ሆኑ። ኃላፊዋ ቁጥሩን ጠይቀው ልጆቹ ሲወጡ የሚታደል ብርቱካን ሊያዘጋጁ ሄዱ።

ውስጡ አጥንት ይሰረስራል። ልጆቹ ትንፋሻቸው እንደ ጢስ ሲወጣ እያዩ ተንጫጩ። ወዲያው መውጣት ጀመሩ። ጋሼ ከፊት ሆነው እየመሩ ወደ ግቢው ወጡ። ችኩሌ በሩ ላይ ቆማ ቆጠረች። አሥር። ሃያ። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ…

"ቀድሞ የደረሰ ትልቁን ይመርጣል!" የሚል ድምፅ ከግቢው ተሰማ።

ችኩሌ አንገቷን ዘወር አደረገች። ዘወር ያለችው ለአፍታ ነው። ግን በዚያች አፍታ ልጆቹ እየተጋፉ፣ በግራና በቀኟ እየሾለኩ አለፉ። ስትመለስ ቁጥሩ ከአፏ ጠፍቷል። ሠላሳ ስድስት ነበር? ሠላሳ ስምንት? ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ማንም አይታያትም።

የበሩ ጠባቂ አዛውንት ናቸው። ቁልፋቸውን እያንሿሹ መጡ። "ስንት ወጡ፣ ልጄ?"

እዚህ ላይ፣ ልጆች፣ እውነቱን መናገር ቀላል ነበር። "ቁጥሩ ጠፍቶብኛል" ብትል ይበቃ ነበር። ግን ትልልቁ ብርቱካን እያለቀ ነው። ደግሞ ጎበዝ ተብላ ተመርጣ "ጠፋብኝ" ማለት አሳፈራት። ስለዚህ በልቧ እንዲህ አለች፦ የገቡት አርባ ሦስት፤ ሲጠጋጋ አርባ። የወጡት አርባ ምናምን ይሆናሉ፤ ሲጠጋጋ ያው አርባ። እኩል ነው!

"ሁሉም ወጥተዋል፣ አባባ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ!" አለችና ሮጠች።

በሩ ከኋላዋ ድም ብሎ ተዘጋ።

ግቢው ውስጥ ልጆቹ ብርቱካን እየላጡ ይሳሳቃሉ። ችኩሌም የድርሻዋን አነሣች። ኃላፊዋ ሣጥኑን አይተው ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ።

"አርባ ሦስት ነበር ያስቀመጥኩት። አንድ ተረፈኝ። ያልወሰደ አለ?"

ልጆቹ ሁሉ የያዙትን ብርቱካን ከፍ አድርገው አሳዩ።

"እንግዲያው ተሳስቼ ይሆናል። ለቆጣሪያችን ይሁን!" ብለው ለችኩሌ ሰጧት።

ችኩሌ በሁለት እጇ ሁለት ብርቱካን ይዛ ቀረች። አርባ ሦስት ብርቱካን። አንድ ተረፈ። የወሰዱት አርባ ሁለት። አርባ ሁለት ሲጠጋጋ አርባ ነው። አርባ ሦስትም ሲጠጋጋ አርባ ነው። ግን አርባ ሁለት አርባ ሦስት አይደለም!

ዓይኗ በልጆቹ ላይ ተንከራተተ። ድንቡሼ የለም። ከሣጥኖቹ ኋላ አየች። የለም። አውቶቡሱን አየች። በሩ ዝግ ነው። ጆሮዋ ጭው አለ። የማቀዝቀዣው ሞተር ጉርምርምታ ብቻ ይሰማታል።

"ብናገር ዋሾ መሆኔ ይታወቃል" አለች በልቧ። "ምናልባት ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል። ትንሽ ልጠብቅ።"

ተመልከቱ፣ ልጆች! ለምንም ነገር መጠበቅ የማትወደው ልጅ፣ ለመናገር ሲሆን ልጠብቅ አለች። ፈተና እንዲህ ነው። ግን የልብስ ሰፊዋ ፊት ድቅን አለባት። ብርቱካኖቹ ከእጇ ወደቁ።

"ጋሼ! ዋሽቻለሁ!" ብላ ጮኸች። "አልቆጠርኩም! ድንቡሼ ውስጥ ቀርቷል!"

የጋሼ ፊት አመድ መሰለ። ሁሉም ወደ በሩ ሮጡ። ኃላፊዋ እጀታውን ሳቡ። ተቆልፏል።

"ቁልፉስ?"

"ጠባቂው ይዘውታል! መኪና ሊያስገቡ ዋናው በር ሄደዋል!"

ጋሼ ኮታቸውን እየጣሉ በረሩ። ችኩሌ በሩን በጡጫ ደበደበች። "ድንቡሼ! አለሁ! እየመጣን ነው!" ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጠፈች። ብረቱ ቀዘቀዛት እንጂ ምንም አልሰማችም። "አምላኬ፣ እኔን ቅጣኝ፤ እሱን ግን አድንልኝ" እያለች አለቀሰች።

አዛውንቱ ጠባቂ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ደረሱ። ሲቸኩሉ ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተ። እንደገና ሞከሩ። ቀጭ አለ። በሩ ተከፈተ፤ ነጭ ጉም እግራቸው ላይ ፈሰሰ። መብራቱ በራ።

"ድንቡሼ!"

መልስ የለም።

ትልልቆቹ ወዲያና ወዲህ ሮጡ። ችኩሌ ግን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሮጠችም። ከመጀመሪያው የሣጥን ረድፍ ጀመረች። በእጇ እየነካች፣ ጎንበስ ብላ ኋላውን እያየች፣ አንዱንም ሳትዘል ሄደች። አንድ ረድፍ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። በመጨረሻው ረድፍ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ አንድ ትንሽ ባዶ እግር ታየ።

ድንቡሼ ተኮራምቶ ተቀምጧል። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወትፏል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ዓይኖቹ ግን ክፍት ነበሩ።

"ጫማዬ ወልቆ… ሣጥን ሥር ገባብኝ" አለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "ከዚያ ጨለመ። ስትጠሩኝ… አፌ እንቢ አለኝ።"

ችኩሌ እቅፍ አድርጋ አወጣችው። ጋሼ በኮታቸው ጠቀለሉት። የመጋዘኑ ነርስ መጥተው እጅና እግሩን አዩ፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ለብ ያለ ወተት በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ቆይቶ ጉንጩ ቀላ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነም" አሉ ነርሷ። "ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ግን…" ብለው ቃላቸውን ዋጡት።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ችኩሌ ከጋሼ አጠገብ አቀርቅራ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ሁለተኛ አላጠጋጋም። ማጠጋጋት መጥፎ ነው።"

"ሒሳቡ ምን በደለ?" አሉ ጋሼ። "ለጉዞው አውቶቡስ ስፈልግ እኔም አጠጋግቻለሁ። 'ወደ አርባ ልጆች ነን' ብዬ የሚበቃንን መኪና ገመትኩ። ለግምት ደግ ነገር ነው። አንቺ ግን የተጠየቅሽው ስንት ያህል ወጡ ተብሎ አይደለም። ልክ ስንት ወጡ ነው። ሦስቱን ስትጥዪ እኮ ሦስት ልጆች ነው የጣልሽው። ደግሞም አላጠጋጋሽም፤ ያላወቅሽውን አውቃለሁ ብለሽ ዋሸሽ።"

ችኩሌ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ለእትዬ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

"ይቆጡሻል።"

"ይቆጡኝ።"

ልብስ ሰፊዋ በስፌት መኪናቸው ላይ ነበሩ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሙ። ችኩሌ የድንቡሼን እጅ ይዛ ወደ ውስጥ ገብታ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ጭንቅላቷን ማዞሯን፣ ቁጥሩ መጥፋቱን፣ ውሸቷን፣ መዘግየቷን። የስፌት መኪናው ቆመ። እናት ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አወጡት። የእጁን ጣቶች አንድ በአንድ ነካኩ። የእግሩንም ነካኩ። ከዚያ ቀና አሉ። ዓይናቸው እሳት ነበር።

"ከሰው አፍ ሰምቼው ቢሆን ደጄን ዳግም አትረግጪም ነበር" አሉ።

ችኩሌ መሬት መሬት አየች።

እናት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "ራስሽ መጥተሽ መናገርሽ ግን ልቤን አራራው። ይቅር ብያለሁ። ያንቺንም ልብ አምላክ ያስተካክልልሽ።"

ችኩሌ እግራቸው ሥር ተደፍታ አለቀሰች። ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣች፤ ለእናትና ለአባቷም ሁሉንም ነገረቻቸው።

ልጆች፣ ለግምት ሲሆን ቁጥርን ማጠጋጋት ዕውቀት ነው፤ በአደራ የተሰጣችሁን ሰውና የምትናገሩትን እውነት ግን እግዚአብሔር የሚፈልገው አንድም ሳይጎድል፣ በልኩ ነው።