የግሌን በረንዳ ዋጋ

ያቺ የልጅ ልጄ ሌላ ጓንት ገዝታ ይሆን? ወይስ እጇን ኪሷ ውስጥ ወሽቃ ነው የምትዞረው? አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም። በእኛ በበረዶ አገር የካቲት ላይ ያለ ጓንት መውጣት ጣት ያስቆርጣል። ይህን የሚያስተምራት ሰው አያስፈልጋትም፣ እዚሁ ነው የተወለደችው፤ እኔ ግን ማሰቡን መተው አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። ልጄ ማርሊን ደወለችልኝ።

«እማማ፣ ግሌን ሞቷል። ጓሮ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ቤቱ በፖሊስ ተሞልቷል።»

እኔ ገና «እግዚኦ» ሳልል ቀጠለች፤ የቀጠለችው ከሞቱም ይብስ ነበር። «ከርስተንን እየጠየቋት ነው።»

ግሌን የማርሊን ሁለተኛ ባል ነው። ከርስተን ከሟች የመጀመሪያ ባሏ ከፒተር የተወለደች፣ ነርስነት የምትማር ልጅ ናት፤ ያለችኝ የልጅ ልጅ እሷ ብቻ ናት። መኪናዬን ሌሊት ሞተሯ እንዳይቀዘቅዝ ከተሰካችበት የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅዬ፣ ከማቀዝቀዣው አንድ ከረጢት ፔሮጊ፣ ድንች የተሞላ ሊጥ፣ ይዤ ከነፍኩ። ሰው በሞተበት ቤት ፔሮጊ ምን ያደርጋል ብትሉኝ፣ ልጅቷ በባዶ ሆዷ ፖሊስ ፊት ተቀምጣ ታየችኝና ነው።

ግሌን የወደቀው ከአዲሱ በረንዳ ደረጃ ሥር ነው። ጭንቅላቱ ከጎኑ ተፈንክቷል። ሌሊቱን ነፋሱ በረዶውን እየነዳ ከምሮበት፣ ማርሊን ጠዋት በኩሽናው መስኮት ስታይ ከውስጡ ብቅ ያለው የቦት ጫማው ጫፍ ብቻ ነበር። ዱካ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጓሮው እንደተዘረጋ አንሶላ ነው።

ስለዚያ በረንዳ መናገር አለብኝ። ባለፈው መስከረም የሠራው የግሌን ወንድም ዴል ነው። ሃያ ስምንት ሺህ ዶላር በላ። ገንዘቡ ፒተር ለልጁ ትምህርት ብሎ የተወው ነበር። ማርሊን «እንመልስላታለን» ብላ ፈረመች። እኔ እንኳ «ለመቀመጫ እንጨት ይህን ያህል?» ብዬ ብጠይቅ ዴል ሳቀብኝ። «ቨርና፣ የብርድ አገር በረንዳ ዋጋው ላይኛው አይደለም፤ መሬት ውስጥ የሚገባው ነው። ብርዱ ከማይደርስበት ድረስ የሚጠመዘዝ ረጅም ብረት አስገባለሁ። ግማሹ ገንዘብ የሚቀበረው እዚያ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እዚህ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። 

ስደርስ ከርስተን ሳሎኑ ሶፋ ላይ ኩርምት ብላለች። ጓንቷን ወለሉ ላይ ባለው የሙቀት መውጫ ላይ ዘርግታዋለች፤ ጠዋት እናቷ ስትጮህ ሮጣ ወጥታ በረዶውን በእጇ ስትቆፍር ነው የራሰው። ከፊቷ ሳጅን ኢዝቢስተር ተቀምጣለች፦ አጭር፣ ሰፊ፣ ሽበት የገባበት ሹሩባዋን ወደ ኋላ የጣለች ሴት። ቦት ጫማዋን እንደ ሥርዓታችን በር ላይ አውልቃ፣ አውራ ጣቱ ጋ በተቀደደ ካልሲ ነው ሰው የምትመረምረው። ዴል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ አቶ ዴል።»

«ለሁለት ፖሊስ ተናግሬአለሁ።»

«ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።»

ዴል ተነፈሰ። «ትናንት የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ልናይ መጣሁ። ቢራዬን ይዤ ኩሽና ተቀመጥኩ። ግሌን በረንዳው ላይ ሥጋ ሊጠብስ ሲነሳ ይቺ እመቤት ከፎቅ ወርዳ ለከፈችው። ‹በአባቴ ገንዘብ ላይ ቆመህ ሥጋ ትጠብሳለህ! ከእግርህ ሥር ይናድብህ!› አለችው። እሱ የጓሮውን በር ከፍቶ ወጣ። እሷም ተከትላው ወጣችና በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። እኔ የሰው ቤት ጠብ አልወድም። በጋራዡ በኩል ወጥቼ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።»

«ውሸታም!» አለች ከርስተን። «ሰድቤዋለሁ፣ አዎ! አንተ ስትገባ ነው የሰማኸው። ከዚያ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።»

«ማን አየሽ?» አላት።

«ክፍሌ ውስጥ ማን ያየኛል? አንተ?»

«ይኸው» አለ ዴል ወደ ሳጅኗ ዞሮ። «ማንም አላያትም። ምላሷን ደግሞ ሰሙት።»

«አንተ ምላስህን ሰብስብ!» አልኩት። «ከሕፃን ጋር አፍ ትካፈታለህ?»

«ሕፃን? ወንድሜን በረዶ ላይ የጣለች ሕፃን!»

ሳጅኗ ሁላችንንም እንዳልሰማች ሆና ወደ ማርሊን ዞረች። «ትናንት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከቤቱ ሥር፣ ምድር ቤት፣ ሆኪ እያየሁ። ግሌንም ከእኔ ጋር ነበር። በመሀል ሥጋ ልጥበስ ብሎ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ በስልክ ሲጮህ ሰማሁት።»

«ምን እያለ?»

«‹ዴል፣ አሁኑኑ ና፤ የማሳይህ ነገር አለ› እያለ።»

ዴል ከግድግዳው ቀና አለ። «ጨዋታውን ነዋ! ጨዋታውን ሊያሳየኝ!»

«ከዚያስ?» አለች ሳጅኗ፣ ዓይኗን ከማርሊን ሳትነቅል።

ማርሊን እጇን አየች፤ ልጇን አላየችም። «በር ሲደረገም ሰማሁ።»

«የትኛው በር?»

«የጓሮው። ከዚያ እዚያው ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነጋ።»

«ማርሊን!» አልኩ። «ቴሌቪዥኑን አስጩኸሽ፣ ምድር ቤት ተቀምጠሽ፣ የትኛው በር እንደሆነ እንዴት አወቅሽ?»

«እማማ፣ አንቺ እዚህ አልነበርሽም! የጓሮው በር ነው አልኩ!» ከዚያም ወደ ልጇ፣ «እውነቱን ተናገሪና ይቅለልሽ። ሳታስቢው ገፍተሽው ይሆናል።»

ከርስተን ጉልበቷን አቀፈች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲዘጋ አየሁ። በር ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ «ወደ ጣቢያ እንውሰዳት?» ብሎ ሳጅኗን ጠየቃት።  በነፍስ ግድያ የተወሰደችን ልጅ ማን ሆስፒታል በሽተኛ አጠገብ ያስጠጋታል? ነጻ ብትባል እንኳ ስሙ ይከተላታል።

«ቆይ» አለች ሳጅኗ። ቦት ጫማዋን አጥልቃ በጋራዡ በኩል ወጣች።

እኔ በኩሽናው መስኮት ተከተልኳት። ግሌን ከወደቀበት አጠገብ ካለው የበረንዳው ምሰሶ ሥር በርከክ ብላ ለስላሳውን በረዶ በእጇ ጠረገች። ከታቹ አፈር የነካው የተፈነካከተ በረዶ ክምር ወጣ፤ ሰው በብረት የቆፈረው ነው። ቀጥሎ ደረጃውን ወጥታ በረንዳው ላይ የተከመረውን በአካፋ እስከ በሩ ድረስ ጠረገችው። ወርዳ ደግሞ ከጎን ቆመች፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና በረንዳው ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ለረጅም ጊዜ አየችው። በመጨረሻ ብቻዋን ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።

ስትመለስ መነጽሯ በጉም ተሸፍኖ ነበር። እየጠረገች መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን ነው።

«ወይዘሮ ሃልቹክ፣ ሲመጡ በየት ገቡ?»

«በጋራዡ ነዋ። በክረምት ማን በሌላ ይገባል?»

«ሥጋ ለመጥበስ ወደ በረንዳ የሚወጣ ሰውስ እግሩ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ያገኘውን ሸበጥ ነዋ! ስንቴ ተቆጣሁት! ከዜሮ በታች ሰላሳ ሲሆን በካልሲና በሸበጥ ዘሎ ይወጣል። ‹ለአንድ ደቂቃ ነው› ይለኛል።»

«የግሌን ቦት ጫማ ግን እስከ ላይ ድረስ ታስሯል» አለች። «ቦት ጫማው የሚቀመጠው የት ነው?»

«ጋራዥ ውስጥ» አለች ማርሊን ቀስ ብላ።

ሳጅኗ ሁላችንንም ወደ ኩሽና ጠራችን። ሥጋው ከነሳህኑ፣ ቅመሙ ደርቆበት ባንኮኒው ላይ እንደነበረ ተቀምጧል። ከርስተን ከእኔ አጠገብ ቆመች፤ እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ነው። ማርሊን ከማዶ፣ ዴል ከመሀል።

«አቶ ዴል፣ የት ነበር የተቀመጡት?»

«እዚህ። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ግሌን በዚህ በር ወጣ። ልጅቱም ተከተለችው። በዓይንዎ አይተዋል።»

«በዓይኔ።»

«እንግዲያው ያሳዩን። እንደ ግሌን ይውጡ።»

ዴል እንደ ሞኝ ቆጠራት። «ቲያትር መሆኑ ነው?»

«ደስ ካለዎት ቲያትር ይሁን።»

ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። እንደማንኛውም የአገራችን ቤት በሩ ድርብ ነው፦ የውስጠኛው ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ ብርድ የሚከላከለው የውጭኛው ወደ ውጭ። ዴል የውስጠኛውን ሳበው፤ ተከፈተ። የውጭኛውን እጀታ ተጭኖ ገፋው። በሩ መዳፍ የማያሳልፍ ክፍተት ያህል ሄዶ እንጨት ላይ ሲፋጭ ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ አወጣ፤ ቆመ። ዴል እንደገና ገፋው። በትከሻው ገፋው። 

«በረዶ ነው የያዘው» አለ።

«እኔም በረዶ መስሎኝ ነበር፤ እስከ ጣውላው ጠርጌዋለሁ። የያዘው ጣውላው ነው። ከበሩ የታችኛው ጠርዝ በላይ ከፍ ብሏል። እዩት፣ በሩ የፋቀው አዲስ ጭረት ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ከእርስዎ በፊትም የሞከረው ሰው አለ፤ ግሌን ነው።»

 ሳጅኗ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እኛ እንደቆምን።

«በረንዳ በአንድ ሌሊት አይነሳም። እንደሰማሁት ግሌን እስከ ገና በዓል ድረስ እዚህ ሲጠብስ ነበር፤ ከዚያ ብርዱ ከበደና ተወው። በዚህ መሀል መሬቱ እየቀዘቀዘ አበጠ፤ ሲያብጥ ምሰሶዎቹን ተሸክሞ ወደ ላይ ገፋቸው። ቤቱ አልተነሳም፤ መሠረቱ ከብርዱ በታች ነው። በረንዳው ግን ተነሳ። ብርዱ ከማይደርስበት የተተከለ ብረት እንዲህ አይነሳም፣ አቶ ዴል። ምሰሶዎቹ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

ዴል ከንፈሩን ላሰ።

«መቆፈሪያ አላስመጣም፣ መሬቱ ራሱ ነግሮኛል። ጉልበት የማያደርስ ጉድጓድና ጥቂት ሲሚንቶ ነው። ትናንት ግሌን ሥጋውን ይዞ ተነሳ፤ በሩ እምቢ አለው። ያን ጊዜ ገባው። ሥጋውን አስቀመጠና ‹የማሳይህ ነገር አለ› ብሎ ጠራህ።» እርስዎ ማለቱን የተወችው እዚህ ላይ ነው። «ይቺ ልጅ የሰደበችው እሱ በንዴት ተቃጥሎ አንተን ሲጠብቅ ነው፤ በእሷ የተናደደ መሰላት። ከዚያ ቦት ጫማውን አስሮ በጋራዡ ወጣ፣ አንተም አብረኸው። ምሰሶው ሥር ያለውን በረዶ ፈነካክቶ አሳየህ። ስለ በሩ ግን አልነገረህም። መስከረም ላይ ሠርተህ ስትሄድ በሩ ይከፈት ነበር፤ ስለዚህ ስትዋሽ ያኔ የምታውቀውን በር ይዘህ ዋሸህ። ከአምስት ወር በፊት የነበረውን በር!»

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም!» ዴል ጮኸ። «‹በከተማው ሁሉ አዋርድሃለሁ፣ ሁሉም ደንበኛህ ምሰሶውን ያስቆፍራል› አለኝ! የገዛ ወንድሜ! ገፋሁት፣ ከደረጃው ጋር ተጋጨ። የሞተ መሰለኝ!»

«አልሞተም ነበር። በክርኑ ጥቂት ወደ ጋራዡ ድኋል፤ የኮቱ ክርን በበረዶ ተጋግሯል። ጭብጡ ውስጥ በረዶ ነበር። የገደለው ብርዱ ነው፤ አንተ ጋራዡን ዘግተህ ስትሄድ። የልጅቱ እናት የሰማችውም ያን በር ነው።»

ማርሊን አፏን በእጇ ያዘች። ወጣቱ ፖሊስ ዴልን በክንዱ ይዞ ወሰደው። ዴል እስከ መኪናው ድረስ እየተሳደበ ነው የሄደው፦ ሳጅኗን፣ ከርስተንን፣ እኔን፣ መሬቱን ሳይቀር። ሳጅኗ የተቀደደ ካልሲዋን ወደ ቦት ጫማዋ ከታ ከርስተንን ትንሽ አየቻት፣ «ብዪ» አለቻት፣ «እህል ቅመሺ»፤ ተከትላቸው ወጣች።

ሦስት ሴቶች ቀረን። እኔ ምጣድ ፍለጋ ቁም ሳጥን መክፈትና መዝጋት ጀመርኩ። ፔሮጊው በቅቤ ቢጠበስ ትበላ ይሆናል አልኩ። ሽንኩርት አለ? አልኩ። 

«ከርስቲ» አለች ማርሊን። «በር ሰምቼ ነበር እኮ። እውነቴን ነው። የሆነ በር ሰምቻለሁ። ዴል ሲናገር… የጓሮው ነው ብዬ…»

ከርስተን እናቷን አየቻት።  ኮቷን ከመስቀያው አነሳች፤ ዚፑን እስከ አገጯ ሳበችው። ቦርሳዋን ያዘች። በአጠገቤ ስታልፍ ጉንጬን በጉንጯ ነካ አደረገችና ወደ ጋራዡ ዞረች።

«ጓንትሽ!» አልኩ። «ልጄ፣ ጓንትሽን! ገና አልደረቀም፣ የእኔን ውሰጂ!»

የጋራዡ በር ሲዘጋ ሁለታችንም ሰማነው። የትኛው በር እንደሆነ ማርሊን አልተናገረችም።