ልውውጡ ለስድስት ሰዓት ተቀጥሮ ነበር

ምርኮኛው ቦና አንድ ሌሊት በሰላም ቢያድር ኖሮ፣ ይስሃቅ ዛሬ ምሳውን እናቱ ቤት ይበላ ነበር። ኢንስፔክተር ኤፍራታ ከአሰላ ተጠርታ ሳጉሬ ስትደርስ ግን ቦና በታሰረበት ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ሞቶ አገኘችው። ሰዓቱ ሦስት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ በዲክሲስ መንገድ ድልድይ፣ ጫካ ያሉት ጓዶቹ ታጣቂዎች በያዙት በይስሃቅ እንዲለወጥ ሽማግሌዎች ስምምነት ጨርሰው ነበር። የታጣቂዎቹ ቃል አጭር ነው፦ በሕይወት ካመጣችሁ በሕይወት፣ ሬሳ ካመጣችሁ ሬሳ።

«እጁን በሲባጎ ያሰረው ማነው?» አለች የተላጠውን አንጓ እያየች።

«እኔ ነኝ፤ እንዳያመልጥ ብዬ» አለ ጠባቂው ሚሊሻ ጌትነት።

«ጎበዝ! ከሞት እንዳያመልጥም አድርገሃል።»

ጌትነትን ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ አስመልሶታል። የመጋዘኑ ባለቤት ሀሰኖም ራሱን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ኤፍራታ የሳር ፍራሹን ገለበጠችው። ከሥሩ የተቋጠረ ጨርቅ፣ በጨርቁ ውስጥ ግራጫ ዱቄት አለ። የነጭ ሽንኩርት ዓይነት ሽታ አፍንጫዋን መታት። በወለሉ ስንጥቅ ያሉት ነቀዞች ሁሉ ሞተዋል።

«ጋሽ ሀሰኖ፣ የነቀዝ ክኒን መቼ አስገቡ?»

«ምን እህል አለኝና? ከሰኔ ወዲህ ባዶ ነው።»

«ፍራሹንስ ማን አመጣው?»

«ትናንት ሦስታችን ተጋግዘን አስገባነው፤ እኔ፣ ጌትነትና የይስሃቅ አጎት ከበበው። ብርዱን ታውቂው የለ? መስኮቱንም በጭቃ መረግነው።»

«ጠዋት በሩ ሲከፈትስ?»

ጌትነት መለሰ፦ «ያው ሦስታችን ነበርን። የይስሃቅ እናት እትዬ አሰፋችም ለምርኮኛው ቁርስ ይዘው መጥተዋል። ወድቆ ሳየው ዘልዬ ገባሁ፤ ጋሽ ሀሰኖ ተከተሉኝ። እትዬ ሊገቡ ሲሉ ጋሽ ከበበው ነጠላቸውን ይዘው ‹ቆዪ፣ መጀመሪያ ይናፈስ› አሏቸው።»

ኤፍራታ ሰዓቷን አየችና ወደ አሰፋች ሄደች። ሴትዮዋ መቀመጥ አቅቷት ግቢውን እየዞረች ነበር።

«ወንድምዎ ጋሽ ከበበውም በታጣቂዎቹ ተይዘው ነበር አሉ?»

«ጥቅምት ላይ። በማግስቱ ለቀቁት፤ እግዜር ነው ያወጣው። በሳምንቱ ግን ልጄን ከሚኒባስ አውርደው ወሰዱብኝ።»

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጇን ልትቀበል ከዲክሲስ የመጣችው የቦና እናት ኢፍቱም ሲንቄዋን፣ የአርሲ ሴት ስትይዘው ቃሏ የሚከበርላትን በትር፣ ይዛ ቆማለች።

«ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ግራጫ ዱቄት ትቶ ጋዝ ይሆናል፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል» አለች ኤፍራታ። «እህል የሚያውቅ ሰው ክኒን ያደረበት ቤት ሳይናፈስ አይገባም። ጌትነትና ጋሽ ሀሰኖ ግን ዘለው ገቡ፤ ይኸው ታመዋል። ክኒን መኖሩን ቢያውቁ ኖሮ አይገቡም ነበር። የሚያውቀው ሰው እህቱን አስቀረ።»

«ሸተተኝ እኮ!» አለ ገብስ ነጋዴው ከበበው።

«ከሸተተዎት ሁለቱን ለምን ‹ውጡ› አላሏቸውም? ያሳዘነችዎት እህትዎ ብቻ ነች። ጋሽ ከበበው፣ በአንድ ቀን የተለቀቁት ማንን ሰጥተው ነው?»

አሰፋች ወንድሟን አየችው። ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል፤ ከበበው ግን እሷን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ሊገድሉኝ ነበር፣ እታለም። ይስሃቅ በየትኛው መኪና እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ማን እንደጠቆመ ያውቃል፤ ቢመለስ ይነግርሽ ነበር።»

አሰፋች መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጇን አሁን ማን ይመልስላታል? ጌትነት ከበበውን ያዘው።

«ስልክ ስጡኝ» አለች ኢፍቱ። ልውውጡን ከጨረሱት ሽማግሌዎች አንዱ ለታጣቂዎቹ ደውሎ ሰጣት። «ሃሎ። ኢልማ ኮ፣ ልጄ ቦና ሞቷል... አዎ፣ አይቼዋለሁ። ስማኝ! የገደለው ሰው የፈለገው ይስሃቅ እንዳይመለስ ነው። የልጄ ገዳይ የፈለገውን አያገኝም። ልቀቁት!»

ኢፍቱ ጥቂት አዳመጠችና ስልኩን ዘጋች።

«እናቱ ድልድዩ ላይ ትቀበለው ብለዋል» አለቻት አሰፋችን።

አሰፋች እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ኢፍቱ ክንዷን ይዛ አነሳቻት።

«ተነሺ፣ ሰዓቱ ይሄድብሻል። እኔ ልጄን የሚያጥብልኝ ሰው ልፈልግ።»