ዘጠነኛው ጥያቄ

ናዲፋን ጠዋት ያገኘቻት የሥራ ባልደረባዋ ኑሀሚን ናት፤ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቢሯቸው ደረጃ ሥር፣ ሕይወቷ አልፎ። ሰዉ ሁሉ «አዳልጧት ነው» አለ። ኢንስፔክተር ማዘንጊያ ግን የጨበጠ እጇን ቀስ አድርጎ ፈታው። የተቀደደ የወረቀት ጫፍ ወጣ፤ «ቁጥር 1» ይላል።

«የመጠይቃችን ነው» አለች ኑሀሚን። የድሬ ልጃገረዶች ኢንተርኔት ላይ ገላቸው እንደ ዕቃ መታየቱ ምን ያህል እንደሚደርስባቸው የሚለካ ጥናት ነበር። ስም አይጻፍም፤ ዜሮ «በጭራሽ»፣ አራት «ሁልጊዜ» ማለት ነው። «ሌላ ሰው ከመጠየቃችን በፊት ራሳችን እንሞላለን። ቁጥር አንድ የናዲፋ ነው።»

የጥናቱ ኃላፊ መምህር ይሳቅ ፋይሉን አመጣ። ቁጥር አንድ ጫፉ ሳይቀደድ እዚያው አለ፤ ከላይ እስከ ታች ዜሮ። ማዘንጊያ ብዙ ቆይቶ አየው።

«ትናንት ማን ቀረ?»

«እሷ ብቻ። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነበር የምትሠራው» አለ ይሳቅ። «ቁልፍ ያለን እኔ፣ እሷና ኑሀሚን ነን።»

የናዲፋ ወንድም ጦልሃ ደጃፉ ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው።

«አቦ ጋሼ፣ ጀናዛዋን ስጡንና እንቅበራት። እዚህ ቢሮ እግሬ ረግጦ አያውቅም፣ ወላሂ።»

ማዘንጊያ ኑሀሚንን፣ ይሳቅንና ጦልሃን ወደ ላይ ጠራቸው።

«ናዲፋ የሞላችው ጫፉ እጇ ላይ የቀረውን ነው። ይሄኛውን ሌላ ሰው በባዶ ቅጽ ላይ ሞልቶ ተክቶታል። ኑሀሚን፣ ዘጠነኛውን አንብቢልን።»

«‹በጥንቃቄ እያነበብሽ ከሆነ እዚህ ላይ ሦስትን ክበቢ።› ሳያነቡ የሚሞሉትን የምንለይበት ነው። ናዲፋ ናት የጻፈችው።»

«እዚህ ግን ዜሮ ተከቧል። እሷ የራሷን ጥያቄ አትስትም፤ እናንተ ሁለታችሁም አትስቱም። የሞላው ቅጹን የማያውቅ፣ ምንም አልደረሰባትም እንድንል የቸኮለ ሰው ነው። በሩ አልተሰበረም፤ አምናው ከፍታለታለች።» ወደ ጦልሃ ዞረ። «የቀረውን ወረቀት የት አደረግኸው?»

ጦልሃ ከደረት ኪሱ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ። «መጣል አቃተኝ» አለ።

አራት፣ አራት፣ አራት። ግርጌው ላይ በናዲፋ እጅ «ፎቶዬ የወጣበትን ቻናል የከፈተው ወንድሜ ነው» ይላል።

«ለቀልድ ነበር የከፈትኩት። ሰው የላከልኝን የሴት ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ሰዉ ይስቃል። ቅጹን ስታሳየኝ ልቀማት ታገልኳት፤ ወደቀች።»

«እህትህ መሆኗን እያወቅህ ለጠፍካት?»

«አላወቅኳትም ጋሼ። ፎቶው ከአንገቷ በላይ ተቆርጧል። ፊት የለውም።»

ይሳቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማዘንጊያ ወረቀቱን ለማስረጃ ሊወስደው እጁን ዘረጋ።

«ከመውሰድዎ በፊት ልመዝግበው» አለች ኑሀሚን። የዜሮውን ቅጽ ከፋይሉ አወጣች። እንባዋ እየወረደ የናዲፋን መልሶች መዝገቡ ላይ አንድ በአንድ ጻፈች፤ አራት፣ አራት፣ አራት። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ሦስት ተከቧል። ናዲፋ ሁሉንም በጥንቃቄ አንብባ ነበር የመለሰችው።