የጉድጓዱ ቦታ

ሀቡቡ፣ የበረሃው የአቧራ ማዕበል፣ ጋብ ብሎ ሰው ሁሉ ከየድንኳኑ አቧራ እያራገፈ ሲወጣ፣ ሸጊቱ ባሏን ልታይ ወደ ራኩባው ሄደች። ራኩባው በመጠለያው ጫፍ ላይ በእንጨትና በሣር የተሠራ ዳስ ነው። ባሏ አንዳርጋቸው ቀኑን ሙሉ የሚውለው እዚያ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቷ ተሰማ።

ከደረሱት ሰዎች አንዱ የስደተኞቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር ታከለ ነበር። ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ተመልክቶ በቀጥታ ወደ መቶ አለቃ ጋረደው ድንኳን ሮጠ።

«አያ ጋረደው፣ ይነሡ! የራኩባው ምሰሶ ወድቆ አንዳርጋቸውን ገደለው።»

«ሲወድቅ ያየ ሰው አለ?»

«ሞቶ አገኘነው እንጂ ማን ያያል? ነፋሱ ነው የጣለው።»

«እንግዲያው ማንም ምንም እንዳይነካ በል። መጣሁ።»

ጋረደው ጎንደር ውስጥ ዕድሜውን በወንጀል ምርመራ የጨረሰ ሰው ነው። ድርቁ ሲበረታ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ከአገሩ ተነሥቶ፣ መተማን ተሻግሮ፣ ከገዳሪፍ ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ወደዚህ መጠለያ ሲደርስ ብቻውን ነበር። ረሃብ እግሩን ስላሳበጠው በዱላ ነው የሚሄደው። ዓይኑ ግን አሁንም የመርማሪ ዓይን ነው።

አንዳርጋቸው በሥራው ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ወፍራም የግራር ምሰሶ ከጀርባው እስከ ሥራው ድረስ ተጋድሟል። ሥራው የመጠለያው ሞዴል ነበር። በትልቅ ሳንቃ ላይ መጠለያው ሁሉ በትንሹ ተሠርቷል። ኮረብታው በላይ በላዩ የተደራረበ የወተት ዱቄት ካርቶን ነው፤ እያንዳንዱ ድርብ የአንድ ሜትር ከፍታ ይወክላል። ድንኳኖቹ ከክብሪት እንጨት፣ ክሊኒኩ ከጣሳ ቁራጭ፣ መቃብሩ ከነጫጭ ጠጠር፣ የውሃው ጉድጓድ ደግሞ ከጠርሙስ ቆርኪ ተሠርተው በግራር ሙጫ ተጣብቀዋል።

አንዳርጋቸው አገር ቤት ሳለ ለሥራ ተቋራጮች የሕንፃ ሞዴል ይሠራ ነበር። በማግሥቱ ከኻርቱም የሚመጡት ለጋሾች አዲሱን የውሃ ዕቅድ የሚያዩት በዚህ ሞዴል ነበር። ባለፈው በወረቀት የተሳለ ፕላን ሲያሳዩዋቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄደው፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አልተሰማም።

ጋረደው ምሰሶውን ከላይ በጣቱ አሸው። ጣቱ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ከምሰሶው ሥር ተመለከተ። እዚያ ያሉት የክብሪት ድንኳኖች እንደ ሌላው ሁሉ ቀይ አቧራ ለብሰዋል። ቀጥሎ ቁስሉን አየ፤ ጠባብና ጥልቅ ነው። በመጨረሻ ቆርኪውን በዱላው ጫፍ ነካ ሲያደርገው ከኮረብታው ላይ ተንሸራተተ። ከመቃብሩ ጠጠሮች በታች ደግሞ አቧራ ያልነካት አንዲት ትንሽ ክብ ቦታ ነበረች። እሷን ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየ።

«ነጠላሽን አውሺኝ» አላት ሸጊቱን። ሬሳውንና ምሰሶውን አስነሥቶ ሞዴሉን በነጠላው ሸፈነና ማንም እንዳይገልጠው አዘዘ።

ከፖሊስ ጣቢያው የመጣው ሻዊሽ አብዱልናስር አማርኛ የማያውቅ፣ ዝምተኛ ሱዳናዊ የፖሊስ አለቃ ነበር። በመጠለያው ሱቅ ያለው ነጋዴው በድሩ እያስተረጎመ ሬሳውን አይቶ፣ «ጠዋት ወደ ገዳሪፍ እመለሳለሁ። ወይ ሰው ይዤ እሄዳለሁ፣ ወይ አደጋ ነው ብዬ ጽፌ እሄዳለሁ» አለ።

ጋረደው መጀመሪያ ከሸጊቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ዛሬ ማን መጥቶ ነበር?»

«ቀትር ላይ ሦስቱም መጡ፤ ታከለ፣ በድሩና የውሃ ባለሙያው አስናቀው። ሞዴሉን አሳያቸው። ሦስቱም ተቆጥተው ነው የወጡት።»

«ምን አስቆጣቸው?»

«እኔ ምን ዐውቄ፣ አያ ጋረደው። ሕፃኗን ከቀበርኩ ወዲህ የሰው ንግግር አይገባኝም።»

ልጇ በተቅማጥ ከሞተች ገና ወር አልሞላትም። የቀራት ውባየሁ የሚባል ወንድ ልጅ ብቻ ነው።

ታከለ ሲጠየቅ ቁጣው ገና አልበረደለትም ነበር።

«የኛን ሰፈር ከኮረብታው አንሥቶ ወደ ሜዳው አወረደው! ክረምት ሲገባ በዚያ ጥቁር ጭቃ ልንሰምጥ ነው? ብዬ ጮኽኩበት። አልዋሽም።»

«በነፋሱ ጊዜ የት ነበርክ?»

«ድንኳኔ። ልጆቹን አቅፈን።»

«አሁን የምንቀዳበትን ጉድጓድ ሞዴሉ ላይ የት ነበር ያደረገው?»

ታከለ ጥያቄው ገረመው። «ባለበት ነዋ። ከመቃብሩ በታች።»

በድሩን ደግሞ በሱቁ ደጃፍ አቧራ የገባበትን ስኳር እየነፋ አገኘው።

«እኔስ ምን ተናግሬ ነው? ገበያውን ከሱቄ አርቆ ወዲያ ማዶ ሲያደርገው ‹ወላሂ ይህ ግፍ ነው› አልኩት። እሱም ‹ለሕዝቡ የሚቀርበው እዚያ ነው› አለኝ። ተኳርፈን ተለያየን።»

«ጉድጓዱስ የት ነበር?»

«ቆርኪዋ? ከነጫጮቹ ጠጠሮች በታች ነበረች። ቆርኪዋን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

አስናቀው በፓምፑ ቤት ውስጥ ሞተሩን ፈትቶ አቧራውን እየጠረገ ነበር። ቤቱ ለራኩባው ከሁሉም ይቀርባል። አገር ቤት በውሃ ሥራ የተማረ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። መጠለያው ውስጥ ያንን ሞተር ማስነሣት የሚችል ሌላ ሰው የለም።

«ከአንዳርጋቸው ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም፣ አያ ጋረደው። ስለ ሥራ ነው የተነጋገርነው። ጎበዝ ሰው ነበር።»

«ሞዴሉን አየኸው አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«አሁን የምንቀዳበትን ጉድጓድ የት አደረገው?»

አስናቀው የያዘውን ጨርቅ አጣጥፎ አስቀመጠ። «ከመቃብሩ በላይ። ኮረብታው ላይ።»

«ቀትር ላይ እዚያ ነበር?»

«አዎ፣ እዚያ ነበር።»

ጋረደው ሌላ ምንም አልጠየቀውም።

በማግሥቱ አንዳርጋቸውን ማልደው ቀበሩት። ከቀብር መልስ ጋረደው ሦስቱን ሰዎች፣ ሸጊቱንና ሻዊሹን ራኩባው ውስጥ ሰበሰበ። ሻዊሹ በገመድ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ጋረደው ነጠላውን ገለጠ።

«አንዳርጋቸውን ነፋስ አልገደለውም» አለ። «ምሰሶው ነፋሱ ሳለ ወድቆ ቢሆን አቧራው በላዩ ላይ ይተኛ ነበር፣ ከሥሩ ያለውም ንጹሕ ይሆን ነበር። እኔ ያገኘሁት ተገላቢጦሽ ነው። እንግዲህ ምሰሶውን ነፋሱ ከቆመ በኋላ የነቀለው ሰው ነው። ነፋሱ ሲቆም ሰው አቧራው እስኪረጋ ከድንኳኑ አይወጣም። ያች አጭር ጊዜ በቅቶታለች። ቁስሉም የእንጨት አይደለም፤ ክብ እንጨት ያደቃል እንጂ እንዲህ አይቆርጥም። ብረት ነው።»

በድሩ ለሻዊሹ ሊያስተረጉም አፉን ከፈተ። ጋረደው በእጁ አስቆመው። «ልጨርስ።»

«ታከለ ሰፈሩ ተነካበት። ገድሎ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩን ወደ ኮረብታው ይመልስ ነበር። ተመልከቱ፣ ክብሪቶቹ ከነአቧራቸው እንደተጣበቁ ናቸው። በድሩም ገበያው ራቀበት። ገበያውም አልተነካም። ከዚህ ሁሉ ነገር የተነቀለው አንድ ነው፤ ቆርኪው። እዚህ ታች፣ ከጠጠሮቹ ሥር፣ የተነሣበት ንጹሕ ክብ አለ። ሙጫው እንኳ ተቀድዶ ቀርቷል። ቆርኪው ግን ኮረብታው ላይ፣ አቧራው ላይ፣ ያለ ሙጫ ተቀምጦ አገኘሁት። ነፋሱ ከቆመ በኋላ ያነሣው ሰው አለ ማለት ነው። ሦስታችሁም ሞዴሉን ያያችሁት ከነፋሱ በፊት ነው። ጉድጓዱ የት ነበር? ብዬ ጠየቅኋችሁ። ታከለና በድሩ ‹ከመቃብሩ በታች› አሉ። አንድ ሰው ብቻ ‹ከመቃብሩ በላይ› አለኝ።»

ሁሉም ወደ አስናቀው ዞሩ። አስናቀው ወደ መሬት ያይ ነበር።

«ለምን አነሣው? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አንዳርጋቸው ዛሬ ሊያሳየን የነበረውን እኔ ላሳያችሁ።»

ቆርኪውን አንሥቶ በንጹሑ ክብ ላይ መለሰው። ከዚያ በጣሳ ውሃ ቀድቶ በነጫጮቹ ጠጠሮች ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ውሃው በጠጠሮቹ መሃል ዞረ፤ ከአንዱ የካርቶን ድርብ ወደ ሌላው እየወረደ ሄዶ ቆርኪውን ሞላው። 

«ልጄ የጠጣችው ይኼን ነው?» አለች ሸጊቱ።



«ስቆፍረው መቃብር አልነበረም» አለ አስናቀው። «እግዜር ያውቃል፣ አንድም መቃብር አልነበረም። ላይኛው ሁሉ ድንጋይ ሆኖብኝ ውሃ ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ ሰው ማለቅ ጀመረ። ኮረብታው ላይ ቀበሩት። መቃብሩ በየቀኑ ወደ ጉድጓዱ እየወረደ መጣ። ልዝጋው? ብዘጋው ምን ይጠጣሉ? እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

«አንዳርጋቸውስ?» አለ ጋረደው።

«ፕላኑ ላይ ማንም አላስተዋለውም ነበር። እሱ ግን ሲሠራው አየው። ‹ነገ በሰው ሁሉ ፊት ውሃ አፈስበታለሁ› አለኝ። ነፋሱ ሲቆም ልለምነው መጣሁ። ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ይህን ካዩ ይገነጣጥሉኛል አልኩት። ‹ይዩት› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። የቧንቧ መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

ሻዊሹ የሚነገረው ባይገባውም የሰዎቹን ፊት አይቶ ተነሣ። በአረብኛ ጠየቀ። በድሩ ግን አላስተረጎመም።

«ምን ይላል?» አለ ጋረደው።

«ገዳዩ ማነው? ይላል።»

«አስናቀው ነው በለዋ!»

በድሩ ወደ ታከለ ዞረ። ታከለ የጋረደውን ክንድ ያዘ። «አያ ጋረደው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ሰው ዛሬ ከሄደ ያንን ሞተር ማን ያስነሣዋል? አንዳርጋቸው ኮረብታው ላይ ምልክት ያደረገበትን አዲሱን ጉድጓድስ ማን ያወጣልናል? ክረምቱ ሊገባ ነው፤ መንገዱ ይዘጋል። ሌላ ባለሙያ እስኪልኩልን ማን ይተርፋል?»

«ሰው ገድሏል እኮ፣ ታከለ።»

«ገድሏል። አልካድኩም።»

ጋረደው አንድም ጊዜ ያወቀውን ገዳይ ሳይናገር አልፎ አያውቅም። አሁን ግን ዞሮ ሸጊቱን አያት።

«ሟቹ ያንቺ ነው። አንቺ በይ።»

ሸጊቱ ከቆርኪው ጠርዝ የሚፈስሰውን ውሃ ታይ ነበር። ነጠላዋን ከሳንቃው ላይ አንሥታ ተከናነበች።

«ውባየሁ ዛሬ ጠዋትም ውሃ ብሎኛል» አለች። ቀጥሎ፣ ማንንም ሳታይ፣ «በድሩ፣ ምሰሶው ነው በለው።»

በድሩ አስተረጎመ። ሻዊሹ አስናቀውን፣ ቀጥሎም ሽማግሌውን መርማሪ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ብዙ ሰው ሲዋሽ ያየ ሰው ነበር። «ኸላስ፣ አበቃ» አለና ወጣ።

ለጋሾቹ ከቀትር በኋላ መጡ። ሌላ የሚያስረዳ ስላልነበረ ሞዴሉን ያስረዳቸው አስናቀው ነው። ቆርኪው ባለበት፣ ከጠጠሮቹ ሥር ነበር። ውሃ አፈሰሰበት። ኸዋጃዎቹ፣ ፈረንጆቹ፣ ዞረው ዞረው አዩ፤ አንዷ አለቀሰች። ሞዴሉን ኻርቱም ወስደው ለአለቆቻቸው እንደሚያሳዩት፣ መቆፈሪያና ቧንቧም እንደሚልኩ ተናግረው ሳንቃውን በመኪናቸው ጭነው ሄዱ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር መንገዱን ዋጠው። ሎሪ ቀርቶ አህያ እንኳ የማያልፍበት ሆነ። ቧንቧው አልደረሰም። ሴቶቹ ከአሮጌው ጉድጓድ መቅዳታቸውን አላቆሙም፤ እንጨት ያገኘች አፍልታ፣ ያላገኘች እንዲሁ ታጠጣለች። መቃብሩም መስፋቱን አልተወም።

አስናቀው ኮረብታው ላይ፣ አንዳርጋቸው በሞዴሉ ምልክት ባደረገበት ቦታ፣ በዶማና በመሮ መቆፈር ጀመረ። አቅም ያላቸው ወንዶች ጥቂት ስለነበሩ ገመድ የሚስብ ይጠፋል። አንድ ጠዋት ጋረደው ወደዚያ ሲወጣ ሸጊቱን በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ አገኛት። ገመዱ በእጇ ነው። ከታች፣ ከጨለማው፣ የዶማው ድምፅ ይሰማል።

«አንቺ ነሽ የምትስቢለት?» አላት።

«ሌላ ሰው የለም።»

ጋረደው ዱላውን መሬት ላይ አኑሮ ከኋላዋ ገመዱን ያዘ። 

«ሳቢው!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

ሁለቱ ሳቡ። ባልዲው ከአፉ እስኪደርስ ድረስ እጃቸው ተላጠ። ሸጊቱ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ ጮኸች።

«ውሃ አለው?»

«ድንጋይ ነው» አለ አስናቀው።

ድንጋዩን ደፋችና ባልዲውን መልሳ ላከችለት።