ክብ ጫፍ ያለው ኪቦርድ

በጅንም፣ በመንፈስም፣ በሙት ድምፅም አላምንም፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ወሬ ለማሳመር እንዳይመስልህ። ሐረር ሸዋ በር ተወልጄ ያደግኩ፣ ከሚኒባሱ ተራ ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ "ሰይጣን ሰፍሮበታል" ብለው ያመጡልኝን ሁሉ ከፍቼ አቧራ ወይም በረሮ አውጥቼ መልሻለሁ፣ እመነኝ፣ አንድም ቀን ሌላ ነገር አግኝቼ አላውቅም። ያቺ ሐሙስ ከሰዓት እስክትመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

አይ ፋጡማ የሚባሉ ባልቴት አስጠሩኝ፤ "አይ" ሐረሪዎች እናትን የሚጠሩበት ነው፣ ሠፈሩ በሙሉ እንደዚያ ይላቸዋል። ቤታቸው ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ ነው። ባለቤታቸው አው ኢስማኤል፣ "አው" ደግሞ አባት ማለት ነው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፣ የሐረሪን ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው ሲሰበስቡ ኖረው፣ ሳይጨርሱት ሞቱ። ሥራው ያለው በአንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ ቅጂ የለውም፣ የጻፉበት ፕሮግራም ደግሞ ከዊንዶውስ ኤክስፒ በቀር በሌላ አይከፈትም፣ ኮምፒውተራቸውም ተቃጥሏል። አማቻቸው ከድሬዳዋ ዕቃ ለቃቅሞ አዲስ አስገጣጥሞላቸዋል፣ ግን ማዘርቦርዱ፣ ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ዘመነኛ ነው፣ ኤክስፒን አያውቀውም፣ ኤክስፒም እሱን አያውቀውም። "አይሆንም" ማለት ነበረብኝ። እኔ ደግሞ ጉረኛ ነኝ፣ ያቺ ቃል ከአፌ አትወጣም።

"ልጄ፣ ይሄ ከጠፋ ኢስማኤል ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው" አሉኝ አይ ፋጡማ። "ወላሂ፣ ሁለተኛውን አልችለውም።"

"አያስቡ እናቴ፣ ኢንሻአላህ እስከ ዐስር ሶላት አደርስልዎታለሁ" አልኳቸው፤ ዐስር የከሰዓት በኋላው ሶላት ነው። ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ሐረር አድጎ ኢንሻአላህ የማይል ማን አለ።

ጫማዬን ደጃፍ ላይ አውልቄ ገባሁ። የሐረሪ ቤት ገብተህ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ መደቡ ቀይ ነው፣ ከፍና ዝቅ እያለ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ክብሩ መቀመጫ አለው። የአው ኢስማኤል ቦታ ምንጣፉ እንደተነጠፈ ባዶውን ነበር። አሮጌ ኪቦርዳቸውን ልሰካ ስል ጫፉ ክብ ነው፣ አዲሱ ማዘርቦርድ ደግሞ ክብ መሰኪያ የለውም፣ ስለዚህ የራሴን ሰካሁ፣ የሳቸውን የት ላድርገው ስል አይ ፋጡማ ተቀብለውኝ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጡት።

"ሰው አይቀመጥበትም፣ ዕቃው ግን የራሱ ነው" አሉና ወደ ግቢ ወጡ።

ሥራው አስለቀሰኝ። የኤክስፒ መጫኛ ሲዲው ይነሣል፣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ቀጥ ይላል። የማዘርቦርዱን ቅንብር ወደ ድሮው አሠራር እቀይርና እንደገና አስነሣለሁ፣ ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም ይለኛል። በዚህ ሥራ ተለማማጅ እንኳ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፣ አዲስ ሲስተም ስትጭን የሰው ሥራ ያለበትን ዲስክ መጀመሪያ ንቀለው። እኔ አልነቀልኩትም፣ ኋላ የኮምፒውተሩን ሣጥን እንደገና ከምከፍት ብዬ አማቻቸው የገዛውን አዲሱን ዲስክም አሮጌውንም አንድ ላይ ሰክቻቸው ነበር፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው ለእኔ ነው። በስንተኛው ሙከራ እንደሆነ እንጃ፣ ዝርዝሩ ላይ ዲስክ ብቅ አለ፣ አንድ ብቻ። አዲሱ ነው ብዬ በደስታ ጮህኩ፣ መጠኑን እንኳ ሳላይ፣ ለኤክስፒ ቦታ እንዲለቅ ያለበት ሁሉ እንዲጠፋ አዘዝኩ። ማረጋገጫው መጣ፤ ለማጥፋት "ኤል"ን፣ ለመተው "ኢስኬፕ"ን ተጫን ይላል።

ጣቴን ወደ ኤል ስዘረጋ፣ ከኋላዬ ቀጭ አለ።

የድሮ ኪቦርድ ድምፅ ከምንም ጋር አይምታታም፣ ቢያንስ ለእኔ። ዞር አልኩ። ማንም የለም። ኪቦርዱ እዚያው ባዶ ቦታ ላይ ነው፣ ገመዱ እንደተጠቀለለ። አይጥ ይሆናል ብዬ ወደ ስክሪኑ ስመለስ ማረጋገጫው የለም፣ ኢስኬፕ የተጫነ ያህል ወደ ዝርዝሩ ተመልሷል። ሚካኤል ይፍረድብኝ፣ ምንም አልነካሁም፣ እጄ አየር ላይ ነበር። ያኔ ነው ዝርዝሩን በወጉ ያነበብኩት፤ አዲሱ ዲስክ አምስት መቶ ጊጋ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን ባለ አርባ ነው። ላጠፋው የነበረው የአው ኢስማኤልን ዕድሜ ነው።

የራሴን ኪቦርድ ከፊቴ ገፋሁት። ከዚያ ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ አሮጌውን ዲስክ ነቀልኩ፣ አዲሱን በሌላ መሰኪያ ሞከርኩ፣ ብታምንም ባታምንም ያ ሁሉ እምቢታ የት እንደሄደ ሳላውቅ ኤክስፒ ተጫነ። አሮጌውን መልሼ ፕሮግራሙን ስከፍት ቃላቱ ከላይ እስከ ታች ተደረደሩ። አይ ፋጡማን ከግቢ ጠራኋቸው፣ ስክሪኑን በመዳፋቸው እየዳበሱ "አልሐምዱሊላህ" ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ የእኔ ግን ከደስታ ብቻ አልነበረም።

መደበቅ አልቻልኩም። ልደመስሰው እንደነበር፣ ድምፁንም እንደሰማሁ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ስንት ጊዜ መታ?" አሉኝ።

"አንዴ።"

"ለእኔም አንዴ ነው። ሰሞኑን ከዐስር በኋላ ወደ ኤረር በር ገበያ ልወጣ ሻርፔን ስደርብ፣ ያ ዕቃ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት እያለ እሰማዋለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።" በአገጫቸው ወደ ኪቦርዱ አመለከቱ። "አንተስ ከምን እንደመለሰህ ዐወቅህ ልጄ። እኔን ከምን እንደሚመልሰኝ እስካሁን አላወቅኩም።"

የዐስር አዛን ተሰማ። እሳቸው ሶላታቸውን ሰገዱ፣ እኔ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ከዚያ ሻርፓቸውን ደርበው "እስቲ ና፣ አብረን እንውጣ" አሉኝ፣ ከሰው ጋር ከወጡ ድምፁ የሚቀር መስሏቸው ይሆናል። በሩ ላይ እኩል ደረስን።

ቀጭ።

አይ ፋጡማ ሻርፓቸውን አውልቀው መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ድምፁ ለሳቸው ይሁን ለእኔ እንጃ፣ ቤቴ ግን ሸዋ በር ነው፣ መውጣት ነበረብኝ።