ለወይዘሮ ለምን የተመረጠው ፕሮሰሰር

ስልኩ ሲጮህ ወይዘሮ ለምን ቢሮዋ ተቀምጣ ዓይኗን ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ታመላልስ ነበር። አንደኛው ስድስት ኮር ያለው ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ለጌም ይበቃል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ስምንት ኮር ያልገዛ ሰው ዓመት ሳይሞላው ይጸጸታል ይላል። ሁለቱንም የጻፈችው ራሷ ናት። ወር ሙሉ ያልጠየቀችው ሰው፣ ያላየችው ቪዲዮ የለም፤ አንዱ የነገራትን ሌላው ያፈርስባታል። ሃያ ሁለት ዓመት ነፍሰ ገዳይ ስትለይ የኖረች ሴት አንድ መካከለኛ ፕሮሰሰር መለየት አቅቷት ብሽቅ ብላለች።

ስሟ ወይዘሮ ለምን አይደለም። «ለምን?» ሳትል ፋይል ስለማትዘጋ ባልደረቦቿ ያወጡላት፣ ኋላም የሚያውቃት ሁሉ የያዘው ቅጽል ነው። ከሥራ ስትመለስ የሚያሳርፋት የመኪና ውድድር ጌም ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ኮምፒውተሯ አርጅቶ መታጠፊያ ላይ በደረሰች ቁጥር ምስሉ እየተቆራረጠ ከገደል ይጨምራታል።

ስልኩን አነሳች። አለቃዋ ነበር።

«ያ ኮምፒውተር የሚገጣጥምልሽ ሰውዬ ሞተ። ኤሌክትሪክ ነው የያዘው። ገመዱን የዘረጋችው ሠራተኛ ተይዛለች። ሄደሽ ፈርሚና ዛሬውኑ ፋይሉን ዝጊልኝ።»

«ኤሌክትሪክ መሆኑን ማን አረጋገጠ?»

«ጀመረሽ ደግሞ!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

ሰውየውን ትወደው ነበር። ሌላው ሁሉ የሚሸጠውን ሲያሞግስ፣ እሱ ብቻ «ምን ትጫወቻለሽ? ስክሪንሽ ምን ያህል ነው?» ብሎ ጠይቋታል። ፕሮሰሰሩንም እሱ መርጦላት ነበር፤ ልቧ ግን ገና አላረፈም። ቦርሳዋ ውስጥ ወንድሟ የሰጣት የግራፊክስ ካርድ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አዲሱ ማሽኗ ላይ እንዲሰካላት አሥር ሰዓት ላይ ልታደርስለት ቀጠሮ ነበራቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ኪሷ ከታ፣ ቦርሳዋን እንዳለ አንጠልጥላ ወጣች።

ሱቁ ከፊት መሸጫ፣ ከኋላ በመስታወት የተከለለ መሥሪያ ክፍል አለው። ባለቤቱ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሏል፤ ቀኝ እጁ አጠገብ ሽፋኑ የተገፈፈ ገመድ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ጎኑን ወደ ግድግዳ ያዞረ አዲስ ማሽን በርቶ ማራገቢያው ይሽከረከራል። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

«ስክሪኑን ማን አጠፋው?» አለች።

«ማንም አልነካውም፤ ስንደርስም እንዲሁ ነበር። ብዙ ሲቆይ ይተኛ የለ?» አለ በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ብድግ አለ። «የጭንቅላቱ ጀርባ የጠረጴዛውን የብረት ጠርዝ መትቷል። የሞተው ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።»

«እጁስ?»

«የቃጠሎ ምልክት አላየሁበትም። አንዳንዴ ላይኖር ይችላል።»

«አንዳንዴ» የሚለውን ቃል ወር ሙሉ ስትሰማው ከርማ ጠልታዋለች። ጎንበስ ብላ ገመዱን አየችው። ሽፋኑ አልቀለጠም፣ አላረጀም፤ በስለት ዙሪያውን ተቆርጦ ነው የተገፈፈው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሦስት ፕሮሰሰሮች ከካርቶናቸው ወጥተው ተደርድረዋል። ካርቶኖቹ አዲስ ናቸው፤ የፕሮሰሰሮቹ ጠርዝ ላይ ግን ግራጫ ቅባት ደርቆ ቀርቷል።

ገጣጣሚዋ እጇ በካቴና ታስሮ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከምሳ ተመልሳ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት።

«ገመዱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ግን እንዲህ አድርጌ አልተውኩትም! እርስዎ፣ እባክዎ... ቤት የተኛች እናት አለችኝ። ከእኔ በቀር የሚያገላብጣት የለም። ዛሬ ካልገባሁ ማን ውኃ ያቀምሳታል?»

ወይዘሮ ለምን አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «አይዞሽ። የምጠይቅሽን ብቻ መልሺልኝ። አዲስ ፕሮሰሰር ላይ ቅባት ይኖራል?»

«ምን ሲደረግ! ሙቀቱን እንዲያሳልፍ ብለን የምንቀባው እኛ ነን፤ ያውም ማሽኑ ላይ ከገባ በኋላ። ቅባት ካለው ሌላ ሰው ሠርቶበታል ማለት ነው።»

«ዕቃ የሚያመጣው ማነው?»

«የጋሼ አማች። የእህቱ ባል።»

«ጋሼ ማሽን ገጥሞ ሲጨርስ ምን ያደርጋል?»

በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «መኪና ይነዳል! እዚያው ስክሪኑ ላይ፣ በጌም፣ አንድ ዙር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ማሽን እንኳ ሳይነዳበት አስረክቦ አያውቅም። ሁላችንም እንስቅበታለን።»

የሟቹ እህት የሱቁ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ከእሷ አንዲት ቃል ማውጣት ለወይዘሮ ለምን ጥርስ እንደመንቀል ሆነባት።

«ጠዋት ከወንድምሽ ጋር ምን ተባባላችሁ?»

«ምንም።»

«ጎረቤት ጩኸት ሰምቷል።»

«የወንድምና የእህት ነገር ነዋ! ምሳ ውጪ ብዪ አለኝ፣ እኔ ደግሞ እዚሁ እበላለሁ አልኩት። ኋላ ግን ወጣሁ። በቃ።»

«ለምን ውጪ ብዪ አለሽ?»

ሴትየዋ ባሏ ወደተቀመጠበት አየት አድርጋ ዓይኗን ሰበረች። ወይዘሮ ለምን ከንፈሯን ነክሳ ሌላ ጠየቀቻት። «ሱቃችሁ ውስጥ ስንት የግራፊክስ ካርድ አለ?»

«አራት። መሳቢያው ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ይኸው እኔ ጋ ነው።»

አራቱም ከነማሸጊያቸው ተገኙ። አንዱም አልተከፈተም።

ባልየው የተስተካከለ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሐዘኑም ልክ እንደ ሸሚዙ የተስተካከለ ሰው ነው። የሚስቱን ትከሻ እያሻሸ ተናገረ።

«ሰባት ሰዓት ላይ ወደ መጋዘን ልሄድ ስወጣ በመስታወቱ አየሁት። ደህና ነበር፤ እንደ ልማዱ ያቺን መኪናውን እየነዳ ነበር።»

«ስክሪኑ ይታይዎት ነበር?»

«እንዴታ! ቀይ መኪና ናት። መታጠፊያው ላይ ግድግዳ መትቶ ሲስቅ ነበር። ከሰባት ከሩብ ጀምሮ መጋዘን ነው የነበርኩት፤ አራት ሰው ይመሰክራል።»

«ለጌም ማሽን የትኛውን ፕሮሰሰር ይመርጣሉ እርስዎ?» አለች ድንገት።

ሰውየው ግራ ገባው። «እኔ ገጣጣሚ አይደለሁም። ግን ውድ የሆነው ሁሌም ይሻላል።»

ስልኳ ለአራተኛ ጊዜ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። አላነሳችውም። ከሩብ ሰዓት በኋላ አለቃዋ ራሱ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ከተፍ አለ።

«አሁንስ ምን ቀረ? ልጅቷን እንውሰዳት!»

«አምስት ደቂቃ ስጠኝ። ሁሉንም እዚህ ሰብስብልኝ።»

ሬሳው ተነስቷል። እህትየዋ፣ ባሏ፣ ገጣጣሚዋ፣ ሐኪሙና አለቃው መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ቆሙ። ወይዘሮ ለምን ማሽኑን ነቅላ በሌላ ደህና ገመድ እንደገና ሰካችው። ማራገቢያው ዞረ። ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ጥቁር።

«ተበላሽቷል እንዴ?» አለ አለቃው።

«ጤነኛ ነው። ይሄ ለዛሬ አሥር ሰዓት ቀጠሮዬ የተገጠመው የኔ ማሽን ነው፤ ምን እንደተገጠመለት በቃሌ አውቀዋለሁ። መካከለኛ ፕሮሰሰር ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው በራሱ ምስል ያወጣል። ሁለተኛው ዋጋው ትንሽ ቀነስ ይላል፣ ግን ካርድ ካልተጨመረለት ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አያሳይም። ሟቹ ካርድ እንዳለኝ ስለሚያውቅ ሁለተኛውን መረጠልኝ። በዚህች ልዩነት አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ስለነበር አልረሳትም!»

«ታዲያ ካርዱስ?»

ቦርሳዋን ከፍታ ፎጣውን ፈታች። «ይኸው። ከጠዋት ጀምሮ ከኔ አልተለየም። የሱቁ አራት ካርዶች ደግሞ እንደታሸጉ ናቸው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ማሽን የለም። እንግዲህ ዛሬ በዚህ ስክሪን መኪና ሲነዳ ያየ ሰው፣ ያላየውን ነው ያየው።»

ሁሉም ወደ ባልየው ዞሩ። «በ... በሌላ ቀን ያየሁት ይሆናል» አለ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ አይተኸዋል፤ ዛሬም ይነዳል ብለህ ገመትክ» አለች። እርስዎ ማለቱን ትታለች። «ሰባት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር ካላልክ መጋዘኑ አያድንህማ። ሦስቱን ፕሮሰሰሮች ተመልከቱ፤ ያገለገሉ ናቸው፣ በአዲስ ካርቶን ታሽገው እንደ አዲስ ተሸጠዋል። አምጪው አንተ ነህ። ሟቹ ደርሶበት ለብቻችሁ ሊያነጋግርህ ፈለገ። እህቱን ምሳ ውጪ ብዪ ያላትም ለዚህ ነው፤ ባሏ ሲዋረድ እንዳታይ። ተጣላችሁ፣ ገፈተርከው። ከዚያ ገመዱን በስለት ገፈፍክ፣ ማሽኑን አበራህ፣ ወጣህ። እዳው ገመድ በዘረጋችው ልጅ ላይ እንዲወድቅ።»

«ልገድለው ብዬ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። «ለደንበኞቹ አንድ በአንድ ደውዬ እነግራለሁ ሲለኝ ነው...»

እህትየዋ የባሏን እጅ ከትከሻዋ ላይ አነሳችው። «በዚህ እጅ ነው ከሰዓቱን ስታጽናናኝ የዋልከው?» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ካቴናው ከገጣጣሚዋ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ሄደ። አለቃው ፋይሉን አገላብጦ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ግን አልወጣውም። ሰዎቹ ሲወጡ ገጣጣሚዋ የእጅ አንጓዋን እያሻሸች ቀረች።

«ወደ እናትሽ ሂጂ እንጂ» አለቻት ወይዘሮ ለምን።

«እሄዳለሁ። ካርዱን ይስጡኝ፤ ማሽኑን አንድ ጊዜ ብቻ ላብራው። ጋሼ ሳያበራው ያስረከበው ማሽን የለም።»

የማሽኑን የጎን ክዳን ፈታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ተጽፏል። ወይዘሮ ለምን መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«ለወይዘሮ ለምን። ስድስቱ ኮር ይበቃሻል። እባክሽ ሌላ ሰው አትጠይቂ።»

ሳቅ መጣባት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ። ሁለቱን ወረቀቶች ከኪሷ አውጥታ ቀዳደደቻቸው። ገጣጣሚዋ ካርዱን ሰካች፣ ስክሪኑ በራ። ማሽኑ ገና ጌም አልተጫነበትም፤ የሚነዳ መኪና አልነበረም። ሁለቱም ባዶውን ብርሃን ትንሽ አዩት።

ከዚያ ወይዘሮ ለምን ማሽኑን አጠፋች። ካርዱን ጨምሮ በኤግዚቢትነት መዘገበችው፤ ፍርዱ እስኪያልቅ ስንት ዓመት መጋዘን እንደሚቀመጥ ታውቀዋለች። ማን ያስረክባል በሚለው ሥር የራሷን ስም ጻፈች። የማን ንብረት ነው በሚለው ሥርም ያንኑ ስም ደገመችው። ባዶ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደዚያ ከገደል ወደሚጨምራት አሮጌ ኮምፒውተሯ ሄደች።