የእማማ ዓናብ ሁለት ቆጣሪ

ኡምሰልማና ዳሂር የተዋወቁት በጠብ ነበር።

እሷ ከከሚሴ መጥታ፣ ሀርጌሳ ውስጥ የሒሳብ መክፈያ ሶፍትዌር በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት የተቀጠረች ፕሮግራመር ናት። እሱ መብራት በሚያከፋፍል ኩባንያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የደንበኛ አካውንት ሲከፈት፣ ሲታገድ ወይም ሲዘጋ የእሷ ሶፍትዌር ኤክስኤምኤል በሚባል የኮምፒውተር አጻጻፍ የተዘጋጀ አጭር ማስታወቂያ ይልካል። የኩባንያው ሲስተም ያንን አንብቦ ቆጣሪውን ያበራል ወይም ያጠፋል። መጀመሪያ ላይ ግን የእሷ ማስታወቂያ እዚያ ሲደርስ አልነበብ አለ። አንድ ጠዋት ዳሂር ደውሎ ወቀሳውን በእንግሊዝኛ አወረደባት።

ኡምሰልማ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና፣ «ይሄ ሰውዬ ቁርሱን ሳይበላ ነው የመጣው» አለች ለራሷ።



«በልቻለሁ» አለ ከወዲያ በኩል፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «ድሬዳዋ ነው ያደግሁት።»

እሷ በሐፍረት ስልኩን ልትዘጋ ነበር። እሱ ግን ሳቀ። በማግስቱ ላፕቶፑን ይዞ ቢሮዋ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ዓይኑን የሚሰብር ሰው ነው። ሥራው አላልቅ ሲላቸው፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ካለ አንድ ሻይ ቤት እየተገናኙ የወተት ሻይ እየጠጡ ይቀጥሉት ጀመር። ቀስ በቀስ ሻዩ ከሥራው እየረዘመ ሄደ። ስክሪኑን እያዩ ያወሩና፣ ድንገት ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ይመለሳሉ።

ከቀሩት ጉዳዮች አንዱ የማስታወቂያው አደራደር ነበር።

«ደንበኛው ከላይ ይቀመጥ» አለ ዳሂር። «ተዘጋ፣ ታገደ የሚለውም እዚያው ከደንበኛው ሥር ይጻፍ። አጭር ነው።»

«ሁለት ቆጣሪ ያለው ሰውስ? ከየቆጣሪው አካውንት ሥር ካልተጻፈ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላውም አብሮ ይዘጋል።»

«ስንት ሰው ነው ሁለት ቆጣሪ ያለው? ለጊዜው ይለፍ፣ በኋላ እናስተካክለዋለን።»

ልትከራከረው አፏን ስትከፍት፣ እሱ ከስክሪኑ ቀና ሳይል፣ «እናቴ ልታይሽ ትፈልጋለች» አላት።

ኡምሰልማ ልትል የነበረውን ረሳችው። ማስታወቂያውም እሱ እንዳለው ተጻፈ።

እናቱ ዓናብ በጦርነቱ ጊዜ ከሀርጌሳ ሸሽታ ልጆቿን ድሬዳዋ ያሳደገች፣ ሰላም ሲሆን ተመልሳ ዋሄን ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። አሁን ሳንባዋ ደክሞ፣ ኦክስጅን የሚሰጣት ማሽን ከራስጌዋ እያጉረመረመ ነው የምትውለው። መጀመሪያ ቀን ኡምሰልማን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ «እንዳትቀየሚኝ ልጄ፣ እኔ ከዘመድ እንዲያገባ ነበር የምፈልገው» አለቻት።

«አልቀየምም፣ እማማ።»

አልተቀየመችም፤ መምጣቷንም አልተወችም። ጁምዓ ጁምዓ እየሄደች ፀጉሯን ታበጥርላታለች፣ እግሯን ታሽላታለች። ዓናብ የድሬዳዋን ጎረቤቶቿን በአማርኛ እያነሳች ትስቃለች፤ ሳቁ ሳል ሲሆንባት ኡምሰልማ ጀርባዋን ትደግፋለች። ዘመዶች «ለልጅሽ የአገሩ ሴት ጠፋ ወይ?» እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ የመለሰችላቸው ዓናብ ራሷ ናት።

«እኔ ስሰደድ ያስጠጉኝ የእሷ ሰዎች ናቸው። ተዉኝ።»

ኒካሁ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ከዚያ ዓናብ፣ «እንግዲህ ሱቁን ልተወው። እኔም አልሠራበት፣ እናንተም የራሳችሁ ሥራ አላችሁ» አለች። ዳሂር የሱቁ መብራት አካውንት እንዲዘጋ አመለከተ። ሱቁም ቤቱም በእናቱ ስም እንደተመዘገቡ ያውቃል። ያን ቀን ግን የማስታወቂያው ነገር በልቡ አልመጣም፤ የኡምሰልማም ልብ ሠርጉ ላይ ነበር።

ሶፍትዌሩ የተነገረውን አደረገ። ደንበኛ ዓናብ፣ ተዘግቷል፣ ብሎ ላከ። የኩባንያው ሲስተምም የዓናብን ሁለቱንም ቆጣሪ አጠፋ።

ዳሂር ስልኩን ዘግቶ ዙሁር እየሰገደ ነበር። ቤት ከእናቷ ጋር የነበረችው እህቱ አስሊ ማሽኑ ሲቆም ደጋግማ ደወለች። የመጠባበቂያው የኦክስጅን ሲሊንደር ባዶ ነበር። ከጎረቤት የኤሌክትሪክ ገመድ ጎትታ ማሽኑን ስታስነሳው፣ ዓናብ መተንፈስ አቁማ ነበር።

ኡምሰልማ ለቅሶ ቤት ስትደርስ የምታውቀው የዓናብን መሞት ብቻ ነበር። ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ስታለቅስ፣ አስሊ እጇን ያዘቻት።

«የሚገርመኝ የሰፈሩ ሁሉ መብራት ነበረ። የእኛ ብቻ ነው የጠፋው። ኢና ሊላህ፣ ቀኗ ደርሶ ነው።»

የኡምሰልማ እንባ ቀጥ አለ። እጇን ከአስሊ እጅ ቀስ ብላ አወጣች፤ ማስታወቂያውን በጻፈችበት እጅ እሷን መያዝ አልቻለችም።

ዳሂር ውጪ፣ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ስታየው እሱም እንደገባው ገባት።

«ይለፍ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እያወቅሁ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ኡምሰልማ ጠጋ አለችው።

«ሸክሙን አብሬህ ልሸከመው እችላለሁ፣ ዳሂር። ዕድሜ ልኬን።»

«አውቃለሁ።» ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «እኔ ግን አልችልም። አንቺን ባየሁ ቁጥር የማየው ያን ሻይ ቤት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር ኡምሰልማ፤ እናቴን የገደልኩት ደስታ አዘናግቶኝ ነው። አንቺን ይዤ እንዴት ደስ ይለኛል?»

እጇን ብትዘረጋ ትደርስበት ነበር፤ አልዘረጋችም።

በዚያው ሳምንት፣ ማንም ሳያዛት፣ ማስታወቂያውን እንደ አዲስ አዋቀረችው። የሆነው ሁሉ ከየቆጣሪው አካውንት ሥር እንዲጻፍ አደረገች። አንድ ቀን እንኳን የማይሞላ ሥራ ነበር። ይህን ስታውቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። የላከችውን ሙከራ ከኩባንያው በኩል የተቀበላት ሌላ ሠራተኛ ነው። ዳሂር ሥራውን ለቋል።

ረመዳን ሳይገባ፣ አስሊ በባጃጅ ወደ ኪራይ ክፍሏ መጣች። ተቀመጪ ብትላትም አልተቀመጠችም። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጠቻት፤ የሠርግ ዲራዕ ነው፣ ስስ ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ።

«እናታችን ሆዮ ናት ለአንቺ ያስቀመጠችው። ከሱቁ ዕቃ ለራሷ ያስቀረችው ይሄን ብቻ ነው።»

«ዳሂር ነግሮሻል?»

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አመጣሽልኝ፣ አስሊ?»

አስሊ ሻሿን አጠበቀች። «የእናቴ ቃል ስለሆነ። የእኔ አይደለም» አለችና ወጣች።

ዳሂር ከከተማው ወጥቶ ቡርዖ ከተማ ዘመዶቹ ዘንድ እንደገባ በኋላ ሰማች። ልትፈልገው አልሄደችም፤ እሱም አልደወለም። ኡምሰልማ ይኸው እስከ ዛሬ ሀርጌሳ ናት። ለምን አገርሽ አትገቢም ሲሏት፣ ሥራ ነው ትላለች። ዲራዑን አንድም ቀን አልለበሰችውም። ለሌላ ሰው እንድትሰጠውም እጇ አልታዘዘላትም።